የትልቁ መርከብ ስዊት ወይስ የቅንጦቱ መርከብ ተራ ክፍል? ወላጆችን ከባሕር ዳር ክሩዝ ለመላክ የመምረጫ መመሪያ

ባሕር ዳር ውስጥ ልጆቻቸው ውጭ አገር የሚኖሩ ወላጆች ብዙ ናቸው። ልጅ ኑሮው ሲደላደል መጀመሪያ ቤት ያሠራል፣ ቀጥሎ ወላጆቹን ያሳክማል። አሁን አሁን ደግሞ "እማዬንና አባዬን ክሩዝ (መርከብ ላይ እያደሩ የሚደረግ ሽርሽር) ልውሰዳቸው" የሚል እየበዛ ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው። በየከተማው ሻንጣ ሳይጎትቱ፣ አንድ አልጋ ላይ እያደሩ ብዙ አገር ማየት ለትልቅ ሰው ይመቻል።

ጭንቁ ምርጫው ላይ ነው። ዋጋ ሲፈለግ ሁለት ነገር በተቀራራቢ ሂሳብ ይመጣል። አንዱ ብዙ ሺህ ሰው የሚጭን ትልቅ መርከብ ላይ ያለ ስዊት፣ ማለትም ከተራው ክፍል ሰፋና ደመቅ ያለ ክፍል ነው። ሌላው ጥቂት መቶ ሰው ብቻ የሚይዝ የቅንጦት መርከብ ላይ ያለ ተራ ክፍል ነው። ብዙ ልጆች ለወላጆቻቸው ትልቁ ክፍል ይገባቸዋል ብለው ወደ ስዊቱ ያደላሉ። እኔ ግን ክፍልን ከክፍል ብቻ ማወዳደር አልመክርም። ወላጆቻችሁ ክፍሉ ውስጥ ይተኛሉ፣ ይታጠባሉ፣ ይጸልያሉ። የቀረውን ቀን የሚያሳልፉት ከበሩ ውጭ ነው። ስለዚህ ከበሩ ውጭ ያለውን ነው መመዘን ያለባችሁ። ይህን ቅደም ተከተል የጻፍኩት ከውጭ ሆናችሁ ለምትከፍሉትም፣ እዚህ ሆናችሁ ለምትዘጋጁትም ነው።

1. መጀመሪያ ማን እንደሚሄድ በወረቀት ጻፉ

ከዋጋ በፊት ሰው ይቅደም። የእያንዳንዱን ተጓዥ ዕድሜ፣ የጉልበቱን ሁኔታ፣ የሚወስደውን መድኃኒት፣ የሚጾም መሆን አለመሆኑን፣ ምን ያህል እንግሊዝኛ እንደሚሰማ ጻፉ። ይህች ወረቀት ግማሹን ውሳኔ ትወስንላችኋለች።

አያቶች ከልጆችና ከልጅ ልጆች ጋር የሚሄዱ ከሆነ፣ ሚዛኑ ወደ ትልቁ መርከብ ያደላል። የውሃ መንሸራተቻ፣ የልጆች ክበብ፣ የማታ ትርዒት ያለው እዚያ ነው። ብዙ ስዊቶች ሶፋቸው ተዘርግቶ አራት ሰው ያስተኛሉ። ሦስተኛውና አራተኛው ሰው ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ያነሰ ነው። የቅንጦት መርከብ ተራ ክፍል ግን በመሠረቱ ለሁለት ሰው የተሠራ ነው፤ ለአራት ሰው ሁለት ክፍል መያዝ ይመጣል። ቫይኪንግ የሚባለው ድርጅትማ ከ18 ዓመት በታች ጨርሶ አይቀበልም።

እናትና አባት ብቻቸውን፣ ወይም ከአንድ ልጅ ጋር የሚሄዱ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

እናት ብቻቸውን ከሆኑ ግን አንድ ነገር አስቀድማችሁ እወቁ። የክሩዝ ዋጋ የሚጻፈው "ክፍሉን ሁለት ሰው ሲይዘው ለአንድ ሰው" ተብሎ ነው። ብቻውን የሚተኛ ሰው ተጨማሪ ይከፍላል፤ አንዳንዴ ሙሉ እጥፉን። ሴት ልጅ ወይም እህት አብራ ብትተኛ ገንዘቡም ይድናል፣ እናትም ብቸኝነት አይሰማቸውም።

2. የመርከቦቹን ወገን ለዩ

ሮያል ካሪቢያን፣ ኤምኤስሲ፣ ኖርዌጂያን እና ሰለብሪቲ ከብዙኃኑ ወገን ናቸው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ መርከቡ ውስጥ ሌላ ትንሽ መርከብ የመሰለ ግቢ ከልለዋል። የኤምኤስሲው ያት ክለብ፣ የኖርዌጂያኑ ዘ ሄቨን፣ የሰለብሪቲው ዘ ሪትሪት ይባላል። የራሱ ምግብ ቤት፣ ላውንጅና ፀሐይ መሞቂያ አለው፤ ሌላው ተሳፋሪ አይገባበትም።

ከቅንጦቱ ወገን ሪጀንት ሰቨን ሲስ፣ ሲልቨርሲ፣ ሲበርን እና ኤክስፕሎራ ጆርኒስ አሉ። ቫይኪንግ በዋጋ ከእነሱ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ በመንፈስ ግን ከእነሱ ጋር ነው። ባለቤትነታቸው ሲታይ ሁለቱ ወገኖች ዘመዳሞች ናቸው። ሲልቨርሲ የሮያል ካሪቢያን ግሩፕ ነው፣ ሪጀንት በኖርዌጂያን እናት ኩባንያ ሥር ነው፣ ኤክስፕሎራ የኤምኤስሲ ነው። ስለዚህ ልዩነቱ የአሠራርና የአገልግሎት ነው እንጂ አንዱ የታወቀ ሌላው የማይታወቅ ሆኖ አይደለም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ! ሁሉም ስዊት እኩል አይደለም። ሮያል ካሪቢያን ላይ ጁኒየር ስዊት የያዘ ሰው የስዊት ምግብ ቤት ባላቸው መርከቦች ላይ እዚያ የሚበላው እራት ብቻ ነው፤ ቁርስና ምሳ ለበላዮቹ ስዊቶች ነው። በአንዳንድ የኤምኤስሲ መርከቦች ላይ ደግሞ መስኮት የሌለው የያት ክለብ ክፍል ይሸጣል። ጣናን እያዩ የኖሩ ሰዎችን ባሕር ላይ ወስዳችሁ መስኮት በሌለው ክፍል አታሳድሯቸው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። የግል ግቢው ውስጥ ይገባል? ክፍሉ በረንዳ አለው?

3. ቀኑን ከጾሙ ጋር አስታርቁ

ብዙ ጉዞ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ልጆች ፈቃድ የሚወስዱት በአብዛኛው በነሐሴ ነው። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል፤ በፈረንጆቹ ኦገስት 7 ማለት ነው። እናታችሁ ፍልሰታን እየጾሙ የቅንጦት ምግብ ቤት ውስጥ ብታስቀምጧቸው፣ የከፈላችሁበትን ዋና ነገር ሳይቀምሱት ይመለሳሉ።

ለሜዲትራንያን የምመክራቸው ሁለት ወቅቶች አሉ። አንዱ ሐምሌ 5 የሐዋርያት ጾም ከተፈታ በኋላ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ነው። ግን ይሞቃል፣ ሰውም ይበዛል። የተሻለው ከዘመን መለወጫ በኋላ መስከረምና ጥቅምት ነው። የነቢያት ጾም እስከሚገባበት እስከ ኅዳር 15 ድረስ ከአዋጅ ጾም ረቡዕና ዓርብ ብቻ ይቀራሉ። ሙቀቱም ይበርዳል።

ለረቡዕና ዓርብ፣ ትኬቱ ሲቆረጥ ምግቡን አስመዝግቡ። "ቪጋን" ብላችሁ አስጽፉ፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት መሆኑን ይረዳሉ። ቪጋን ከተባለ ዓሣም አይቀርብም። በጾም ዓሣ የሚበሉ ከሆነ ለይታችሁ ንገሩ። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ካለ ደግሞ የምሳው ሰዓት ያልፈዋል። የቅንጦት መርከቦች ክፍል ድረስ ምግብ የሚያመጡት በማንኛውም ሰዓት ነው፣ ሒሳብም አይጠይቁም። በትልቁ መርከብ ይህ እንደየስዊቱ ደረጃ ይለያያል፤ ጠይቁ።

4. ዋጋ ከማየታችሁ በፊት ቪዛውን እዩ

በሚያዝያ 2024 የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኢትዮጵያ ፓስፖርት ላይ የቪዛ ገደብ ጥሏል። የሸንገን (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ማመልከቻ የሚታይበት ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዘመ። ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ መስጠትም ቆመ። ይህ ለክሩዝ ትልቅ ነገር ነው። መርከቡ ከግሪክ ተነሥቶ ቱርክን አይቶ ግሪክ የሚመለስ ከሆነ፣ ከሸንገን ወጥቶ መግባት ነው። አንዴ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ለዚህ አይበቃም። አሁን ያለውን ደንብ ከኤምባሲው አጣሩ። ለጥንቃቄ ግን ከሸንገን የማይወጣ መስመር ምረጡ። ጣሊያን፣ ግሪክ፣ ማልታ፣ ስፔን፣ ፈረንሳይ እና ከ2023 ጀምሮ ክሮኤሺያ ውስጡ ናቸው። ቱርክ፣ ሞንቴኔግሮ፣ አልባኒያ ውጭ ናቸው።

ለወላጆቻችን አንድ መስመር በተለይ ልጠቁም። ቅዱስ ዮሐንስ ራእዩን ያየባት የፍጥሞ ደሴት የግሪክ ናት፤ ሸንገን ውስጥ ናት። ደሴቲቱ ትንሽ ስለሆነች ፕሮግራማቸው ላይ በብዛት የምትገኘው ትናንሾቹ መርከቦች ላይ ነው። የዳጋ እስጢፋኖስንና የናርጋ ሥላሴን መንገድ ለሚያውቅ ሰው፣ በውሃ ተሻግሮ ወደ ገዳም መውጣት አዲስ አይሆንበትም። እኔ ለእናቴ ብመርጥ ኖሮ ከስዊቱ ስፋት ይልቅ ይቺን ወደብ እመርጥ ነበር።

5. ዋጋውን በቀንና በሰው አካፍሉ

በትልቁ መርከብ የተጻፈው ዋጋ የመጨረሻው አይደለም። ቲፕ አለ፣ ኢንተርኔት አለ፣ መጠጥ አለ፣ የወደብ ጉብኝት አለ፣ የልዩ ምግብ ቤት ክፍያ አለ። በቅንጦቱ ወገን አብዛኛው ዋጋው ውስጥ ተጠቃሏል። ሪጀንት የወደብ ጉብኝቱን ጭምር ያካትታል። ቫይኪንግ በየወደቡ አንድ ጉብኝት በነፃ ይሰጣል፤ ቲፕ ግን ብዙ ጊዜ ለብቻ ነው።

ለመለማመጃ የሚሆን ምሳሌ እንሥራ። ቁጥሮቹን እኔ ያስቀመጥኳቸው ለስሌቱ ነው፤ በምትኩ የራሳችሁን አስገቡ። ጉዞው 7 ሌሊት ነው። ስዊቱ ለአንድ ሰው 3,000 ዶላር፣ የቅንጦቱ ተራ ክፍል 4,500 ዶላር ይሁን። ሲታይ የ1,500 ዶላር ልዩነት ነው።

አሁን ስዊቱ ላይ ጨምሩ። ቲፕ በቀን 20፣ በ7 ቀን 140። የመጠጥ ፓኬጅ በቀን 80፣ 560። ኢንተርኔት በቀን 20፣ 140። አራት ጉብኝት በ100 ሂሳብ 400። ሁለት እራት በልዩ ምግብ ቤት 120። ድምሩ 4,360 ዶላር ሆነ። የቅንጦቱ ላይ ጉብኝቱን ብቻ ጨምሩ፤ 4,900። ልዩነቱ ወደ 540 ወረደ። በቀን 77 ዶላር ገደማ ነው።

ግን ሐቁን እንነጋገር። አባታችሁ መጠጥ የማይቀምሱ ከሆነ 560ውን ሰርዙ። ያኔ ልዩነቱ 1,100 ይሆናል፣ ስዊቱም ይረክሳል። ያት ክለብ ደግሞ መጠጡንና ኢንተርኔቱን ዋጋው ውስጥ ያካትታል፤ ድርብ አትቁጠሩ።

ከቁጥሩ ሌላ አንድ ነገር አለ፤ ለኛ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ይመስለኛል። ወላጆቻችን ለልጃቸው ገንዘብ ይሳሳሉ። ዋጋ የተጻፈበት ሜኑ ከቀረበላቸው "ጠግበናል" ይላሉ። ካርድ ሲሰጣቸው "ይሄ ሁሉ ወጪ በልጄ ላይ?" ብለው ቡና እንኳ አያዙም። ስዊት ውስጥ ተቀምጠው የሚሳቀቁ እናትና አባት አልተዝናኑም። ሁሉ የተከፈለበት መርከብ ላይ ይህ ጭንቀት የለም። "እማዬ፣ ተከፍሏል፤ ባትጠጪውም ገንዘቡ አይመለስም" ማለት ይቻላል። እናቶች ደግሞ የተከፈለበት ነገር ሲባክን አይወዱም፤ ያኔ ይጠጣሉ። ከአገር ቤት ለሚሄድ ሰው ሌላም ጥቅም አለው፤ በየቀኑ ሒሳብ የሚቆርጥ የውጭ ምንዛሪ ካርድ አያስፈልገውም ማለት ይቻላል።

6. ክፍሉን ሳሎናችሁ ውስጥ አስምሩ

ካሬ ሜትር በወረቀት ላይ ምንም አይነግርም። ሜትር አምጡና ሳሎኑ ወለል ላይ በጠመኔ አስምሩ። የትልቅ መርከብ ተራ ባለበረንዳ ክፍል ያለ በረንዳው 17 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። የቫይኪንግ ባለበረንዳ ክፍል በረንዳውን ጨምሮ 25 ነው። የኤክስፕሎራ የመጀመሪያው ክፍል በረንዳውን ጨምሮ 35 ነው። የብዙኃኑ ስዊቶች ከ26 ገደማ ጀምረው ወደ ላይ ይሄዳሉ። ሲሰመር የሚታያችሁ ነገር አለ። የቅንጦቱ "ተራ" ክፍል ከብዙ ስዊት ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው። ስታወዳድሩ ግን አንዱን ከነበረንዳው፣ ሌላውን ያለ በረንዳው እንዳትለኩ።

ቀጥሎ ቦታውን እዩ። የመርከቡን ካርታ ክፈቱና ክፍሉን ፈልጉ። መሃል ላይና ዝቅ ያለ ክፍል ብዙም አይንገላታም። ያት ክለብ ያለው ከመርከቡ ፊት፣ ከፍ ያለው ደርብ ላይ ነው። እይታው ያምራል፤ ማዕበል ሲነሣ ግን ከመሃሉ የበለጠ ይወዛወዛል። በሌላ በኩል ትልቅ መርከብ በጠቅላላው ከትንሽ መርከብ ይልቅ ይረጋል። ከላይም ከታችም ሌላ መኝታ ክፍል ያለበትን ምረጡ። ከመዋኛው ወይም ከኩሽናው ሥር ከሆነ ሌሊት ወንበር ሲጎተት ትሰማላችሁ።

7. ከበሩ ውጡና ሰዉን ቁጠሩ

በ2024 ሥራ የጀመረው የሮያል ካሪቢያን መርከብ አይከን ኦፍ ዘ ሲስ 20 ደርብ አለው። ርዝመቱ 365 ሜትር ነው። ሲሞላ እስከ 7,600 ተሳፋሪ ይይዛል። ኤክስፕሎራ 1 ደግሞ 248 ሜትር ነው፤ የሚይዘው 922 ሰው ነው። ስዊት ቢሆንም ባይሆንም፣ ቲያትሩ፣ ሊፍቱና የመውረጃው በር የጋራ ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አባት ከክፍላቸው ቲያትር ደርሰው እስኪመለሱ ስንት እንደሚራመዱ አስቡት።

የመጨናነቁን መጠን በቀላሉ ማስላት ይቻላል። የመርከቡን ግሮስ ቶን በተሳፋሪው ቁጥር አካፍሉ። ግሮስ ቶን የመርከቡ የውስጥ ስፋት መለኪያ ነው እንጂ ክብደት አይደለም። አይከን 248,663 ሲካፈል በ5,610፣ በእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ሰው ተብሎ፣ 44 ይመጣል። ኤክስፕሎራ 1 ወደ 63,900 ሲካፈል በ922፣ 69 ይመጣል። ቁጥሩ ሲጨምር ለአንድ ሰው የሚደርሰው ቦታ ሰፊ ነው። እንደ ያት ክለብ ያለ ግቢ ይህን ጉድለት ይሸፍናል፤ ግን ግቢው ውስጥ እስካላችሁ ድረስ ብቻ ነው።

በትንሹ መርከብ አስተናጋጁ በሁለተኛው ቀን ስም ይዞ ይጠራል። የምን ሻይ እንደሚወዱ ያውቃል። እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ በየምግቡ አዲስ ሰው ፊት ቆሞ ማስረዳት የለም። ሲልቨርሲ ለሁሉም ክፍል፣ ለተራውም ጭምር፣ ባትለር (የክፍሉን እንግዳ የሚያገለግል አስተናጋጅ) ይመድባል።

ስለ ልብስ አትጨነቁ። ማታ ደህና ልብስ የሚጠይቁ መርከቦች አሉ። የሀገር ባህል ልብስ ከየትኛውም ሱፍና ቀሚስ ጋር እኩል ይቆማል።

8. ጣና ላይ ሞክሩ

ማንንም ባሕር ላይ ከመላካችሁ በፊት ጣና ላይ አውጧቸው። የመንገዱን ሰላም አጣሩና ጠዋት ሐይቁ ሳይነሣ በጀልባ ወደ ዘጌ ሂዱ። መልሱን ሆን ብላችሁ ከሰዓት አድርጉት፤ ነፋሱ የሚነሣው ያኔ ነው። የሚያዞረው ሰው ካለ እዚሁ ይታወቃል፤ ለሐኪም ነግራችሁ መድኃኒት ትይዛላችሁ፣ ክፍሉንም መሃል ላይ ታደርጋላችሁ።

ሁለት ነገር ደግሞ በዓይናችሁ እዩ። አንደኛ፣ ከጀልባ ወደ ወደብ ሲሻገሩ እንዴት ናቸው? እንደ ፍጥሞ ባሉ ቦታዎች መርከቡ ራቅ ብሎ ይቆምና ሰው በትንሽ ጀልባ ይወርዳል። ሁለተኛ፣ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያለችውን ዳገት ሳያርፉ ይወጣሉ? ካልቻሉ የወደብ ጉብኝቱን በመኪና የሚደረገውን ምረጡ። ሮም ተብሎ የሚሸጠው ወደብ ቺቪታቬኪያ ነው፤ ከከተማው በመኪና መንገድ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። መኪናው ውስጥ መቀመጡም ራሱ ድካም ነው።

9. ወስኑና በቅደም ተከተል ክፈሉ

የእኔ ምክር ይህ ነው። ከልጅ ልጆች ጋር ከሆነ ትልቁን መርከብ፣ የግል ግቢ ያለውን ስዊት ያዙ። ሁለት ወላጆች ብቻቸውን ወይም ከአንድ ልጅ ጋር ከሆኑ፣ በትንሹ መርከብ ተራውን ክፍል ያዙ፤ ከተረፋችሁ ገንዘቡን ለተጨማሪ ሌሊት አውሉት። ግቢ የሌለው ጁኒየር ስዊት ለወላጅ አልመክርም።

ሲከፈል መጀመሪያ ቀብዱ የሚመለስበትን ዓይነት ምረጡ። ቀሪው ክፍያ የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ ከጉዞው 90 ቀን ወይም ከዚያ በፊት ነው። የሸንገን ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ማስገባት ይቻላል። ስለዚህ ቀብድ፣ ቀጥሎ ቪዛ፣ ከዚያ ቀሪ ክፍያ ይሁን። ቪዛ ተከለከልኩ ማለት ገንዘብ አያስመልስም። ለቪዛው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና ኢንሹራንስ ግዴታ ነው፤ በዕድሜ ለገፉ ሰዎች ከዚያ የበለጠ ግዙ።

ሻንጣው ላይ እማማን አስቀድማችሁ አስረዷቸው። ጧፍ፣ ሻማ፣ ዕጣንና የኤሌክትሪክ ምድጃ መርከብ ላይ ክልክል ነው፤ ሲገቡ ይወሰዳል። ቋንጣና ቅቤ ወደ አውሮፓ አይገባም።

በመጨረሻ ትኬቱ ላይ ስም ስታስገቡ ፓስፖርቱን እያያችሁ ፊደል በፊደል ጻፉ። በእኛ አገር ባልና ሚስት የአባት ስማቸው ይለያያል፤ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን አስተርጉማችሁ ከቪዛው ሰነድ ጋር አያይዙ።